ስለ ሰንጠረዥ፣ ስለ ወረራና ስለ ሣጥናችን ስድስት ዲናር

(ባለፈው የዓርብ ስብሰባችን ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለመጽሔታችን ተናጋሪዋ ራሷ ጽፋ ሰጥታናለች።)

እህቶቼ፣ በሁለት አውቶቡስ የመጣችሁ፣ ከማዳም ጋር ተከራክራችሁ የወጣችሁ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን። ንግግር የለመድኩ ሰው አይደለሁም፤ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ስለዚህ ከወረቀት ላይ ዐይኔን ካላነሳሁ አትቀየሙኝ።

የምናገረው ስለ ሰንጠረዥ ነው፣ ቼዝ ስለሚሉት። ባለፈው ከሣጥናችን 6 ዲናር ወጥቶ ሁለት ሰሌዳ ከነጠጠሩ ይገዛ ብዬ ስጠይቅ ብዙ ተባለ። ቁማር ነው ያላችሁ አላችሁ። የወንድ ጨዋታ ነው ያላችሁም አላችሁ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ገንዘብ ያዣችን ያሉት ነው። «ሣጥኑ የታመመች ልጅ ማሳከሚያ፣ ለተቸገረች የትኬት መሙያ ነው እንጂ የመጫወቻ መግዣ አይደለም» አሉ። እትዬ፣ ልክ ነዎት። ሣጥኑ ለዚያ ነው። እኔም የጠየቅሁት ለዚያው ስለሆነ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን እስክደርስበት ትንሽ ይታገሱኝ።

ቁማር የሚለውን ቶሎ ልለፈው። በገንዘብ ከተጫወቱት የማይሆን ቁማር የለም። እኛ በገንዘብ አንጫወትም። የዕቁባችን ዕጣ ሲወጣ ከዚህ የበለጠ ልብ ይመታል።

የወንድ ነው ያላችሁትን አልወቅስም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት በወንዶች መካከል ነው። የምሠራበት ቤት ዲዋኒያ አለው፤ ሐሙስ ማታ የባባ ጓደኞች ይሰበሰባሉ። ሻዩን እስከ በሩ የማደርሰው እኔ ነኝ፣ ከዚያ ሾፌሩ ይቀበለኛል። በበሩ ክፍተት የማየው አብዛኛው ሰው ካርታ ሲጫወት ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ግን ጥጉን ይዘው ሰሌዳ ላይ ያፈጣሉ። አንድ ቀን አንደኛው ድንገት «ኪሽ መሊክ!» ብሎ ሲጮህ ኢስቲካኑ ትሪው ላይ ተንጫጫ። ንጉሥህን ጠብቅ ማለቱ ነው ለካ።

ጨዋታውን የተማርኩት ግን በኮሮና ጊዜ ነው። በፈረንጅ 2020 ሜይ ወር ኩዌት ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ ታስታውሳላችሁ። የቤቱ ትንሹ ልጅ የሚያጫውተው ሰው አጣና «ተዓሊ፣ ሸጠረንጅ» አለኝ። ቃሉን ስሰማ ቆም አልኩ። ሸጠረንጅ፣ ሰንጠረዥ። እስቲ ሁለቱንም አንድ ላይ በሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰንጠረዥ ማለት ለእኔ በሒሳብ ደብተር ላይ በማስመሪያ ተሰምሮ ቁጥር የሚሞላበት ነገር ነበር።

ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዐረቦች ገባ፤ የእኛም ስም ከዐረቦቹ ሸጠረንጅ የመጣ ነው። ፈረንጅ አላስተማረንም። ከ500 ዓመት በፊት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ትግራይን የገዙት ራስ ወልደ ሥላሴም ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ሰብስበው በ1971 አሳትመዋል። ዛሬ በአሮጌው ሕግ የሚጫወት ሰው ማግኘት ይከብዳል እንጂ ነገሩ የቤታችን ነው።

የእኛ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ አልነበረም። ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ጠቆር ያለ መስመር ተሰፍቶበት 64 ቤት ይወጣዋል። ወታደሩ መደቅ ይባላል፣ ዐረቦቹ በይደቅ ይሉታል፣ ጆሮ ካለን አንድ ቃል ነው። ፊል ማለት እዚህ እንደምታውቁት ዝሆን ነው፤ ፈረንጆች ያንን ዝሆን ጳጳስ አደረጉት። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ነው። ዐረቦች ወዚር ይሉታል፣ ፈረንጆች ንግሥት ይሏታል። በዛሬው ጨዋታ ንግሥቲቱ ሰሌዳውን እንደ ፈለገች የምትመላለስበት ጉልበተኛ ናት። በእኛ ግን ፈርዝ በሰያፍ አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ደካማ ነው።

እኔን የገረመኝ አጀማመሩ ነው። ስሙ ወረራ ነው። በዛሬው ቼዝ አንዷ ታንቀሳቅሳለች፣ ሌላዋ ትጠብቃለች፣ ተራ በተራ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፤ አንቺ ሦስት ጠጠር ስታንቀሳቅሺ እኔ አምስት ላንቀሳቅስ እችላለሁ፣ ከልካይ የለኝም። ይህ ሁሉ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

ይህን ስትሰሙ እጀ ፈጣን ያሸንፋል ትሉ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ፣ ከሰኔ ጀምሮ እዚህ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር በፔፕሲ ክዳን ተጫውተነዋል፤ እጅ ብቻውን አያሸንፍም። እጅሽ እየሠራ ዐይንሽ የሌላዋ እጅ ላይ መሆን አለበት። ፈረሷን ወደ ግራ ካወጣች አንቺም አሰላለፍሽን ታፈርሺና ትቀይሪያለሽ፤ እሷ ደግሞ አይታ ትቀይራለች። መቼ ወረራውን እንደምታቆሚ፣ ማለት የመጀመሪያዋን ጠጠር መቼ እንደምትበዪ፣ እሱ ነው ትልቁ ነገር።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ በምን አሸነፍሽ ይባላል። ንጉሡን በግንብ ወይም በፈረስ መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል፤ በተራ ወታደር መያዝም የሚያስጨበጭብ ነው። በደካማው ሠርተሽ ስታሸንፊ ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ቤት ሠራተኛ አይቶ ያውቃል እላለሁ፣ ቀልዴን ነው።

ወረራ ግን ፊት ለፊት ካልተቀመጡ አይሆንም። በስልክ የሚሆነው የዛሬው ቼዝ ነው። ስልክ ለምን እንዳነሳሁ ቆይቼ እናገራለሁ። በዛሬው ቼዝ ውስጥ ለወረራ በጣም የሚቀርበው አከፋፈት የንጉሥ ጋምቢት የሚባለው ነው። እሱን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ የቤቶቹን ስም። ፈረንጆች በላቲን ፊደል ይጠሩታል፣ እኛ በራሳችን ሰይመነዋል። ወደ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ። ወደ ላይ ከ1 እስከ 8። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። በድምፅ መልእክት ስንልከው ግን ሀ እና ሐ አንድ ሆኑ፣ ሠ እና ሰም አንድ ሆኑ፤ ሦስት ጨዋታ ተበላሸ። በኋላ ከመካከላችን የቄስ ትምህርት የተማረችው «እንደ የኔታ ጥሩት እንጂ» አለችን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ከዚያ ወዲያ ስሕተት የለም። ደግሞ ተመልከቱ፣ ንጉሡ የሚቆምበት መስመር አምስተኛው ነው፣ አምስተኛው ፊደል ደግሞ ንጉሡ ሠ ነው። ማንም አቅዶ አላደረገውም።

እንግዲህ ነጭ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሠ4 ላይ ታቆማለች። ጥቁር ፊት ለፊቱ ሠ5 ላይ ያቆማል። እስከዚህ ሁሉም ሰው የሚጫወተው ነው። በሁለተኛው እርምጃ ነጭ አንድ ወታደር ረ4 ላይ አውጥታ በነጻ ትሰጣለች። ብላው ትላለች። ጋምቢት የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በትግል ጊዜ እግር ጠልፎ መጣል ማለት ነው። የሰጠችው ወታደር እግር መጥለፊያ ነው።

ምን ታገኛለች? የጥቁር ወታደር ለመብላት ሲል ከመሐል ይወጣል፣ መሐሉ ለእሷ ይቀራል። ደግሞም የረ መስመር ለግንቧ ሊከፈት ነው፤ በዚያ መስመር ጫፍ ላይ ያለው ረ7 ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለው ቤት ነው። ምን ታጣለች? የራሷ ንጉሥ ደጁ ክፍት ይሆናል። የጥቁር ንግሥት በአንድ እርምጃ ሸ4 ላይ ብቅ ብላ ኪሽ ልትል ትችላለች። ሁለቱም ወገን አይተኛም፣ ለዚህ ነው ለወረራ ይቀርባል ያልኩት።

የዚህ አከፋፈት ስመ ጥሩ ጨዋታ በለንደን በ1851 ሰኔ 21 ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር የተደረገው ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ለንደን ላይ እየተካሄደ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። ነጩ አዶልፍ አንደርሰን ነው፣ ጀርመናዊ የሒሳብ መምህር፣ ኋላ ያንን ውድድር ያሸነፈው። ጥቁሩ ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ነው፣ ፓሪስ ውስጥ ቼዝ በማስተማር የሚኖር።

አንደርሰን ወታደሩን ሰጠ፣ ኪዘሪትስኪ በላ። ነጭ ፊሉን ሐ4 አወጣ፣ ጥቁር ወዲያው ንግሥቱን ሸ4 ላይ ወርውሮ ኪሽ አለ። ነጭ ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ጎን አሸሸ። ቀጥሎ ጥቁርም በተራው አንድ ወታደር ለ5 ላይ ሰጠ! ማለት ሁለቱም ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ይጣደፋሉ። ከዚያ በኋላ ነጭ የጥቁርን ንግሥት ማሳደድ ጀመረ። ፊሉ ሊበላበት ሲል አላዳነውም፤ በዚያ ፈንታ ግንቡን ሰ1 ላይ አመጣ። ፊሉ ተበላ። ወታደሮቹን ንግሥቲቱ ላይ ነዳቸው። በ14ኛው እርምጃ ጥቁር ለንግሥቱ ማምለጫ ቀዳዳ ለመክፈት ብሎ ፈረሱን ወደ ተነሣበት ቤት መለሰ። ያ ፈረስ አራት ጊዜ ተንቀሳቅሶ እዚያው ነው የደረሰው።

ከዚያ ጥቁር ብድሩን መለሰ። በፊሉ ሰ1 ላይ ያለውን ግንብ በላ። በንግሥቱ ሀ1 ላይ ያለውን ሌላውን ግንብ በላ። ነጭ ዝም ብሎ አንድ ወታደር ሠ5 ላይ ገፋ፣ ንጉሡንም አንድ ቤት ወደ ፊት አራመደ። በመጨረሻ ነጭ ንግሥቱን ራሷን ረ6 ላይ ወስዶ ሰጠ። ጥቁርም በፈረሱ በላ። በ23ኛው እርምጃ ነጭ ፊሉን ሠ7 ላይ አስቀመጠ፣ የጥቁር ንጉሥ ተያዘ። የያዘው አንድ ፊልና ሁለት ፈረስ ነው። ንግሥት የለ፣ ግንብ የለ። በእኛ በቀይ ጨርቁ ላይ ቢሆን በፊል ስለያዘ ሰው ሁሉ ያጨበጭብለት ነበር።

ጥቁር ስንት እንደጎደለበት ታውቃላችሁ? ሦስት ወታደር። ሌላ ምንም። ንግሥቱ አለች፣ ሁለቱ ግንቦቹ አሉ፣ ሁሉም አለ። ስለዚህ ጨዋታ የሚያወሩ ሰዎች የነጭን ልግስና ያደንቃሉ። እኔ ግን ልጁ አጠገቤ ሆኖ ደጋግመን ስንደረድረው ያየሁት ሌላ ነው። ጥቁር ካደረጋቸው 22 እርምጃዎች 13ቱ የንግሥቲቱና የዚያ አንድ ፈረስ ናቸው። ሁለቱ ግንቦቹ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ጨዋታው አለቀ። ንግሥቲቱ ጥግ ላይ ስትበላ ቤቷ ተዘረፈ። እና መስጠት ብቻውን አያሸንፍም። ነጭ የሰጠው ሁሉ በምትኩ ጊዜ ገዝቶለታል፤ ቼዝ የሚያስተምሩ ሰዎች አንዲት ወታደር እንደ ሦስት እርምጃ ትቆጠራለች ይላሉ። ለሰጠሽው ሦስት እርምጃ ካላገኘሽበት ጋምቢት አይባልም፣ ተበላሽ ነው የሚባለው። እኛም ለደላላ ከፍለን፣ መሬት አስይዘን ነው የመጣነው። አሁን ሁለተኛ ኮንትራት ልትፈርሙ የተዘጋጃችሁ እዚህ ያላችሁ አላችሁ፣ ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ኪዘሪትስኪን ወድጄዋለሁ። ተሸንፎ አልደበቀውም። እርምጃዎቹን ወደ ፓሪስ ላከ፣ ራሱ በሚያዘጋጀው የቼዝ መጽሔት ላይ በሚቀጥለው ወር አወጣው። ዛሬ በየሀገሩ ሕፃን የሚማረው ያንን ነው።

አሁን የወንድ ነው ወደሚለው ልመለስ። በ1929 ሰር ኡመር ሐያት ኻን የሚባሉ የፑንጃብ ባለ ርስት ወደ ለንደን ሲሄዱ ሚር ሱልጣን ኻን የሚባል ሰው ከቤታቸው ይዘው ሄዱ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በ1932 እና በ1933 ደገመው። በሄስቲንግስ ከተማ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን አሸነፈ። አሜሪካዊው ተጫዋች ሩበን ፋይን እንደጻፈው፣ እነ ፋይን ሰር ኡመር ቤት ተጋብዘው ሲሄዱ ምግቡን የሚያቀርብላቸው ሱልጣን ኻን ራሱ ነበር። የተቀመጡት እንግዶች ቼዝ ተጫዋቾች፣ ቆሞ የሚያስተናግደው የእንግሊዝ ሻምፒዮን! ሰውየው በ1966 ሞተ፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን የክብር ግራንድማስተር ማዕረግ የሰጠው በ2024 ነው።

እሱ ይሁን። በዚያው ቤት ውስጥ ፋጢማ የምትባል ወጣት ነበረች። የቤት አገልጋይ ናት። እንደ እኔና እንደ እናንተ። በ1933 በሄስቲንግስ በተደረገው የእንግሊዝ ሴቶች ሻምፒዮና 11 ጨዋታ ተጫወተች። 10 አሸነፈች፣ 1 አቻ ወጣች፣ አንድም አልተሸነፈችም። ሻምፒዮን ሆነች። እስቲ አስቡት፣ የሰው ቤት ስትሠራ ውላ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰር ኡመር ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ሁለቱንም ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ፋጢማ በትልቅ ውድድር ላይ የለችም። ይሄ ያበግነኛል። እሷ መሰለቻት፣ ሰለቻት፣ አይደለም። ቤቱ ዕቃውን ጠቀለለ፣ ጨዋታዋም አብሮ ተጠቀለለ። ሰሌዳው የአሠሪ ሲሆን እንዲህ ነው። ልጁ ያስተማረኝን አመሰግናለሁ፣ የዚያ ቤት ሰሌዳ ግን የዚያ ቤት ነው፤ እኔ የምለምነው የእኛ የሆነ ሰሌዳ ነው።

እትዬ፣ አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ደረስኩ።

ከአባሎቻችን አንዷ ጀሕራ ናት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አንድም ዓርብ አልወጣችም። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 የ2015፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይላል። ይላል። ስልኳን የምታገኘው ማታ ሥራ ሲያልቅ ብቻ ነው። እንደሷ ያሉ አምስት አሉን፤ መዋጮ ይልካሉ፣ ፊታቸውን አይተን የማናውቀው አሉ። ድሮ ምን እናደርግ ነበር? «ደህና ነሽ?» እንላለን፣ «ደህና ነኝ» ይላሉ። እህቶቼ፣ ደህና ነሽ ስንባል ሁላችንም ደህና ነኝ ነው የምንለው። ለእናቴ በሀሎ ስንት ጊዜ ደህና ነኝ እንዳልኩ አንድ ፈጣሪ ያውቃል።

ሰንጠረዡን የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ በሌሊት አንድ እርምጃ በድምፅ ትልካለች፣ እኛ በማግሥቱ አንድ እንመልሳለን። «ንጉሡ ሠ አራት» ብላ ትተኛለች። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ለምን የሚያጣድፈውን አከፋፈት መረጥኩ? ቀስ ባለ አጀማመር ላይ ሁለት ቀን ዝም ብትል «እያሰበች ነው» ብለን እንተዋለን። በንጉሥ ጋምቢት ግን ኪሽ ተብላ ዝም አትባልም። ሐምሌ ላይ እንዲሁ ንግሥታችንን ሸ4 አውጥተን ኪሽ አልናት። ያላት መልስ ሦስት ብቻ ነው፤ ንጉሡን ወደ ረ1 ማሸሽ፣ ወደ ሠ2 ማውጣት፣ ወይም ወታደር ሰ3 ላይ መደቀን። የመጀመሪያው ሌሊት አልመለሰችም። ሁለተኛውም አለፈ። እሷ ደግሞ ከሁላችን በላይ የምትጣደፍ ልጅ ናት። ሦስት ነገር ለማሰብ ሁለት ሌሊት አይፈጅባትም።

በሦስተኛው ቀን ወደ አስቀጠራት መክተብ ደወልን። ሁለታችን ተቀባበልን፣ አንዷ በዐረብኛ፣ አንዷ በልመና። ለካ አራት ቀን ትኩሳት ይዟት ወድቃለች፣ ሐኪም ያሳያት የለም። ከስልኩ በኋላ ክሊኒክ ወሰዷት። ዳነች። ሲሻላት መጀመሪያ የላከችው መልእክት ሰላምታ አይደለም፣ «ረ አንድ» ነው። ንጉሡን አሸሸች ማለት ነው። ያን ቀን እኔ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ያለቀስኩት በሽንኩርቱ ነው ብያለሁ።

(እዚህ ላይ ችግር ሲገጥም ስለምንጠቀምበት ምልክት ተናግሬ ነበር። መጽሔቱ ብዙ እጅ ስለሚገባ አውጥቼዋለሁ። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልነበራችሁ ጠይቁን።)

እንግዲህ 6 ዲናሩ ለመጫወቻ ነው ወይስ ለታመመች? እኔ መለየት አቅቶኛል። የሰሌዳው ጉዳይ ደግሞ ቅንጦት አይደለም። አምስት ጨዋታ በአንድ ጊዜ በካርቶንና በፔፕሲ ክዳን ይዘን፣ ባለፈው የጀሕራዋንና የመንገፏን ጨዋታ አደባለቅን። የመንገፏ ልጅ «የሌለኝን ፈረስ በላችሁብኝ» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሁለት ደህና ሰሌዳ ቢኖር፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ፈርዋኒያ ባለችው እህታችን ክፍል ይቀመጣል፤ የቀሩትን ሦስቱን በደብተር እንይዛለን። ሱቅ ሙባረኪያ ዋጋ ጠይቄአለሁ፣ አንዱን በ3 ዲናር ይሰጡናል፣ ብዙ ከተከራከርን ይቀንሳሉ። ለመከራከሩ ማንን እንደምንልክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መማር የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ፊደል የማታነቡም ቆዩ፣ የቤቶቹን ስም በቃል እናስጠናለን፤ ከእኛ ጥሩ ተጫዋቿ ማንበብ የማትችለው ናት፣ እየሳቀች ስለሆነ ማን እንደሆነች ዐወቃችሁ።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሥራ አለብን። ጀሕራ ያለችው እህታችን አዲስ ጨዋታ ጀምራለች፣ ነጭ እሷ ናት። ከትናንት ወዲያ ንጉሡ ሠ 4 አለች፣ እኛ ንጉሡ ሠ 5 አልናት። ትናንት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የላከችው ይኸው፣ ድምፁን ልክፈተው። «ረ አራት። ብሉት እስቲ።» ሰማችሁ? ትስቃለች። መልሱ ዛሬ ማታ ስልኳን ሳትዘጋ መድረስ አለበት። ሰሌዳው እዚህ ነው፣ ቀዩ ክዳን ጥቁር ነው፣ ቀረብ በሉ። እንብላው ወይስ እንተወው?